ፖንዮ፣ ሶሱኬ እና እምዬ

ልጅ ያላችሁ፣ የእህት የወንድም ልጅ የምታሳድጉ፣ እባካችሁ «ፖንዮ»ን አሳዩልኝ። የጃፓኑ ሃያኦ ሚያዛኪ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያወጣው የካርቱን ፊልም ነው። እኛ ቤት የታየው በፍልሰታ ነው። የደብረ ብርሃንን የነሐሴ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሰል ተቀጣጥሏል፣ የወንድሜ ልጅ የእናቴ በርኖስ ውስጥ ገብታለች፣ ላፕቶፑ ዱካ ላይ ነው። ንግግሩ ጃፓንኛ፣ ከሥር ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ።

ሶሱኬ የ5 ዓመት ልጅ ነው። ባሕር ዳር፣ ገደል አናት ላይ ባለ ቤት ከእናቱ ከሊሳ ጋር ይኖራል። አባቱ መርከበኛ ነው። አንድ ቀን ብርጭቆ ውስጥ ተቀርቅራ የቀረች፣ ፊቷ የሰው የሆነ ቀይ ዓሣ ያገኛል፤ ስሟን ፖንዮ ይላታል። ብርጭቆውን በድንጋይ ሲሰብር ጣቱን ይቆርጠዋል፤ እሷ ደሙን ስትልሰው ቁስሉ ይድናል። ከዚያ በኋላ ሰው ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ አለች።

ጓደኝነታቸው የሚጀምርበትን መንገድ በጣም ነው የወደድኩት። ሶሱኬ መጀመሪያ የሚጨነቀው ምን ትበላ ይሆን ብሎ ነው። አረንጓዴ ባልዲ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ያስቀምጣታል። ዳቦ ሲሰጣት እምቢ ትላለች፤ ዳቦው መሃል ያለውን ሥጋ ግን ላፍ። (የወንድሜ ልጅ እዚህ ጋ አስቆመችኝ። «አክስቴ፣ ፖንዮ ፍልሰታን አትጾምም እንዴ?» እናቴ መለሰችላት፦ «ዓሣ ናት እምዬ፣ ምን ታውቃለች።») የፖንዮ አባት መጥቶ ወደ ባሕር ሲወስዳት ሶሱኬ ባልዲውን አጥሩ ላይ ይሰቅለዋል። ስትመለስ ቤቱ እንዳይጠፋት ብሎ ነው።

እኛ ስናድግ ውሃ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የሚያስፈራ ነበር። በቀትር ወንዝ አትውረዱ፣ ጋኔን ይለክፋችኋል እንባል ነበር። ታላላቆቻችን በከንቱ አላስፈራሩንም፤ የከተማችን ወንዝ በሬሳ በክረምት ሲሞላ ቀልድ የለውም። ፊልሙም ይህን ፍርሃት አይንቀውም። ሊሳ የምትሠራበት የአረጋውያን ማዕከል ውስጥ ቶኪ የምትባል ክፉ አፍ ያላት አሮጊት አለች። ፖንዮን እንዳየች፣ ፊቷ የሰው የሆነ ዓሣ ማዕበል ይዞ ይመጣል፣ ወደ ባሕሩ መልሷት ብላ ትጮሃለች። እናቴ ወዲያው የቶኪ ወገን ሆነች። «እውነቷን ነው!» አለች። ማዕበሉም በእርግጥ መጣ።

ያ ማዕበል ለብቻው መታየት ያለበት ነው። እያንዳንዱ ማዕበል ዓይን ያለው ግዙፍ ዓሣ ሆኖ ይገለባበጣል፣ አሁን የሴት ልጅ መልክ የያዘችው ፖንዮ በላዩ ላይ እየሮጠች የሊሳን መኪና ትከተላለች። ሁሉም በእጅ የተሳለ ነው። ለፊልሙ ወደ 170,000 ሥዕል ተሥሏል። የልጅ እጅ ያለበት ነው የሚመስለው፣ እንደዚያም ሆኖ ያስፈራል።

በዴንማርኩ ደራሲ በአንደርሰን የ1837 (እንደ ፈረንጆቹ) ተረት የባሕሯ ልጅ ሰው ለመሆን ድምፅዋን ትሰጣለች፣ በመጨረሻም አረፋ ትሆናለች። ፖንዮም ሶሱኬ ከካዳት አረፋ ትሆናለች። የባሕሯ እናቷ ልጁን ትጠይቀዋለች፤ ዓሣም ብትሆን፣ ግማሽ ሰውም ብትሆን ትወዳታለህ? ሁሉንም እወዳለሁ አለ። ፖንዮ የምታጣው አስማቷን ብቻ ነው። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። ለሴት ልጅ፣ ሰው እንዲወድሽ ድምፅሽን ስጪ የሚል ተረት መንገር አልፈልግም።

የወንድሜ ልጅ የባሕሩ ውሃ እኛ ጋ ይደርስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የኛ ነው ወደዚያ የሚሄደው አልኳት። በሬሳ ጀማ ይገባል፣ ጀማ አባይ፣ አባይ በሱዳንና በግብፅ አልፎ ሜዲትራንያን ባሕር። ከጣርማ በር ወዲያ ማዶ፣ በደብረ ሲና በኩል የሚወርደው ግን ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፤ አዋሽ ደግሞ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ለደብረ ሲና ልጆች አዘነችላቸው። ፖንዮ በየት በኩል ትምጣላቸው?

እኔና እናቴን ያጣላን ግን ሊሳ ናት። በዚያ ሌሊት፣ ማዕበሉ ጋብ ሲል፣ ሁለቱን ልጆች ቤት ትታ አሮጊቶቹ ምን እንደሆኑ ልታይ ትወጣለች። ለሶሱኬ የምትነግረው እንደ ትልቅ ሰው ነው፤ መብራት በሁሉም ቦታ ጠፍቷል፣ በጨለማ ውስጥ ያለ ሰው የኛን ቤት መብራት አይቶ ይበረታል፣ አንተ እዚህ ሁን። የ5 ዓመት ልጅ እንዲህ ሲታመን ሌላ ቦታ አላየሁም። ከዓሣ ጋር የገባውን ቃል የጠበቀውም ቃሉን የሚያምን ሰው ስላሳደገው ይመስለኛል። እናቴ አልተዋጠላትም። «ልጆቹንም ይዛ መሄድ ትችል ነበር» ትላለች። መንገዱ ውሃ ነው እላታለሁ። «እንግዲያው አትሂድ!» እስካሁን አልተስማማንም።