ጉግል አፕዴት ሲያደርግ ራንኬን እንዴት እንደምከታተል

ጉግል አፕዴት በለቀቀ ቁጥር፣ ማለትም የፍለጋ ውጤት የሚደረድርበትን መንገድ በቀየረ ቁጥር፣ «ሳይቴ ወደቀ»፣ ራንኬ (በውጤቱ ላይ ያለኝ ደረጃ) ወረደ የሚል አይጠፋም፣ በዛው ሰዓት ሌላው ያንኑ ሳይት ከላይ ያገኘዋል፣ ሁለቱም ግን አልዋሹም። ጉግል በተለያዩ አገሮች ዳታ ሴንተር (ኮምፒውተሮቹ የሚቀመጡበት ማዕከል) ነው ያለው፣ አዲሱ ነገር ደግሞ ሁሉም ጋ እኩል አይደርስም።

ድሮ ነገሩ በደንብ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 2003 አጋማሽ ድረስ ጉግል ኢንዴክሱን፣ ማለትም የሚያውቃቸውን ገጾች መዝገብ፣ የሚቀይረው በወር አንዴ ገደማ ነበር፣ ሁሉም ዳታ ሴንተር እስኪዳረስ ቀናት ስለሚፈጅ ሪፍሬሽ ባደረግክ ቁጥር ውጤቱ ይገለባበጥ ነበር፣ «ጉግል ዳንስ» የተባለውም ለዛ ነው። በ2006 መጀመሪያ ደግሞ ቢግዳዲ የሚባለው ለውጥ ሲመጣ ያኔ የጉግል ኢንጂነር የነበረው ማት ከትስ ራሱ አዲሱ ነገር የገባበትን ዳታ ሴንተር አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) አውጥቶ ሰው እንዲያየው አድርጓል። አሁን እንደዛ የለም።

እኔ የአበሻ ምግብ አሰራር የምጽፍበት ሳይት አለኝ፣ አንባቢዬ አዲስ አበባም አሜሪካም ነው። መጀመሪያ የድሮውን ዘዴ ሞከርኩ፣ የጉግልን አይፒ ወስጄ ወደ ስም ስመልሰው ስሙ ውስጥ የኤርፖርት ኮድ ይወጣል፣ ኤፍ አር ኤ ካለ ፍራንክፈርት ነው፣ አይ ኤ ዲ ካለ የዋሽንግተኑ ደለስ። ያንን አይፒ ኮምፒውተሬ ላይ ሆስትስ የሚባለው ፋይል ውስጥ ከጉግል ስም ጋር ስጽፈው ብሮውዘሬ በዛ በር ይገባል። ደስ ይላል፣ ግን በር ብቻ ነው፣ ፍለጋው ከኋላ የት እንደሚሰራ አይነግርህም፣ በዛ ላይ ከእ.ኤ.አ. 2017 መጨረሻ ጀምሮ ጉግል የየትኛውን አገር ውጤት እንደሚሰጥህ የሚወስነው አንተ ያለህበትን ቦታ አይቶ ነው፣ ስለዚህ በፍራንክፈርት ብገባም የሚያሳየኝ የአዲስ አበባ ሰው የሚያየውን ነው።

የሰራልኝ ሰው መጠቀም ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅና ዱባይ ያለ ጓደኛዬ ከእኔ ጋር በአንድ ሰዓት ይፈልጉና ስክሪንሾት በቴሌግራም ይልኩልኛል። ኢንኮግኒቶ (የድሮ ፍለጋህን የማይጠቀመው የብሮውዘር መስኮት) ግዴታ ነው፣ ቃሉንም ኮፒ ፔስት ነው የሚያደርጉት፣ ምክንያቱም «የዶሮ ወጥ አሰራር» እና «አሠራር» የተለያየ ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ፣ አንዱ በሰ ሌላው በሠ ከጻፈ ልፋቱ ገደል ገባ።

«ሰባተኛ ነህ» ትለኛለች።
«ኧረ በደንብ እዪ፣ እዚህ ሦስተኛ ነኝ!»
«አይቻለሁ ባክህ፣ ማስታወቂያውን ሳልቆጥር ነው።»

ዋናው ነገር ይሄን አፕዴት በሌለበት ሰላም ሰዓትም ማድረግ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። በፊትም የነበረ ልዩነት ከሆነ የቦታ ጉዳይ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአሜሪካ ሳይቶች ጋር ነው የምወዳደረው፣ አፕዴቱ አላመጣውም። ጠዋት መጥቶ ማታ የሚጠፋ፣ በማግስቱ ደግሞ ተገልብጦ የሚመጣ ከሆነ ግን አፕዴቱ ገና እየተዳረሰ ነው ብዬ ነው የምይዘው፣ ያኔ ታይትል (የገጹን ርዕስ) መቀየር፣ ገጽ ማጥፋት ምናምን የለም። የማርች 2024ቱ ኮር አፕዴት (ትልቁ አጠቃላይ ለውጥ) ማርች 5 ጀምሮ ኤፕሪል 19 ነው ያለቀው፣ 45 ቀን ማለት ነው፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በየቀኑ ሳይቱን ስትነካካ ብትከርም የቱ ነገር ምን እንዳመጣ በምን ታውቃለህ?

መጀመሩንና ማለቁን ጉግል ራሱ ስታተስ ዳሽቦርድ በሚባለው የማሳወቂያ ገጹ ላይ ይጽፋል። ካለቀ በኋላም ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት ጠብቁ ይላል፣ እኔም እሱን ጠብቄ ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለሳይት ባለቤት የፍለጋ ደረጃውን የሚያሳይበት መሳሪያ) ውስጥ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ሳምንት ካለቀ በኋላ ካለው ጋር አወዳድራለሁ፣ አገር አገሩን ለይቼ፣ ኢትዮጵያና አሜሪካን ከደባለቅካቸው አማካይ ደረጃው ምንም አይነግርህም። ጥቂት ሰው ብቻ የሚፈልገውን ቃል አላየውም፣ እሱ አፕዴት ባይኖርም ሲዘል ነው የሚውለው።