ዘጠኝ ሰዓት ላይ

ዛሬ ማለዳ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ሀዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ጎራ ብዬ ነበር። ውዳሴ ማርያም እየደገምሁ ሳለ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ሲንቀጠቀጥ አፌ ጸሎቱን ቀጠለ፤ ልቤ ግን የደወለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ቸኩሎ ስለነበር የዕለቱን ክፍል እንዴት እንደጨረስሁት እንኳ አላስተዋልሁም። ከአጠገቤ አንዲት እናት፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ዳዊታቸውን ዘግተው፣ መቁጠሪያቸውን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ እየገፉ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላሉ። አልቸኮሉም። እኔ ይህን ቁጥር የምጨርሰው ሁልጊዜ በሩጫ ነው (አንዳንዴም 35 ላይ እንደማቆም ልናዘዝ)።

ቤተ ክርስቲያናችን፣ ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 118 በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ማለቱን ይዛ፣ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ሠርታልናለች። ዘጠኝ ሰዓት ጌታችን በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው፤ በእኛ ቢሮ ደግሞ የሪፖርት ሰዓት ነው። ሰባቱንም እጠብቃለሁ ብዬ አልፎክርም። ዛሬ ግን ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ፣ ሐይቁን ለጀርባዬ ሰጥቼ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ። «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ጠዋት የደወለልኝ ያ የተኮራረፍሁት ወንድሜ እንደነበር ትዝ አለኝና ቀጣዩን ሐረግ ለማለት አፌ ተያዘ።

ማምሻውን ደወልሁለት።