ካልሲዬን አላወልቅም

ደብረ ብርሃን ላይ በማሳጅ ሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በነዚህ ዓመታት ደንበኛ ሁሉ ገብቶ ሲተኛ የሚለኝ ያው አንድ ነገር ነው፤ «ጠንከር አድርጊልኝ።» ብርድ አገር ነው። ሰው በጠዋቱ ውርጭ ትከሻው ተኮማትሮ ይመጣል፤ የከባድ መኪና ሾፌሩም የፋብሪካ ሠራተኛውም አጥንቱ እስኪላወስ ካልታሸ ገንዘቡ የባከነ ይመስለዋል። እኔም ለዚህ የተፈጠርኩ ነበርኩ። አያቴ በአንጎለላ በኩል ስማቸው የተጠራ ወጌሻ ነበሩ፤ ቅቤ በመዳፋቸው አሙቀው የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ እያየሁ አድጌአለሁ። የሳቸውን እጅ ወርሰሻል ሲሉኝ ደረቴ ይነፋ ነበር።

የምሠራበት ሆቴል አንድ ቀን የአገልግሎት ዝርዝሩ ላይ «የሊምፍ ማሳጅ፤ መርዝን ከሰውነት ያስወጣል» የሚል ጨመረ። እኔም አዲስ አበባ ተልኬ አምስት ቀን ሠለጠንኩ። አሠልጣኛችን ከሁሉ አስቀድማ ያስተማረችን እጅ ማቅለልን ነው። «ከምጣድ የወጣ እንጀራ ላይ እጅሽን ብታሳርፊ ዓይኑ መጥፋት የለበትም» ትለን ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደም ልብ የሚባል ገፊ አለው፤ ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ ግን ገፊ የለውም። ከጥቃቅን የደም ሥሮች ወደ ሥጋ አምልጦ ያልተመለሰውን ውኃ፣ በቀን ሊትሮች የሚሞላውን፣ የሊምፍ ቧንቧዎች ይሰበስቡትና በብሽሽት፣ በብብትና በአንገት ንፍፊቶች (የሊምፍ ዕጢዎች) እያጣሩ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከአንገት አጥንት ሥር ወዳለው ደም መላሽ ሥር ይመልሱታል። የሚያንቀሳቅሰው የጡንቻ ሥራ፣ ትንፋሽና የቧንቧዎቹ የራሳቸው መኮማተር ነው። ቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ደግሞ ከቆዳ ሥር ወዲያው ስለሚገኙ ኃይል አይፈልጉም።

ሌላው ቅደም ተከተል ነው። እግር ቢያብጥም የሚጀመረው ከአንገት ነው፤ ከዚያ ሆድ፣ ከዚያ ብሽሽት፣ እግር በመጨረሻ። ይህን ለመረዳት አልተቸገርኩም። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ መኪና ቆሞ መንገድ ሲዘጋ ከደብረ ሲና የሚመጣውን ከኋላ ብትገፋው ምን ይፈይዳል? መጀመሪያ ከላይ ያለው ይለፍ። ዘዴውን ያወጣው ኤሚል ቮደር የሚባል ዴንማርካዊ ነው፤ ከሚስቱ ከኤስትሪድ ጋር ፈረንሳይ አገር ሲሠራ ቆይቶ በ1936 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ፓሪስ ላይ ለሕዝብ አቀረበው። ጣሊያን ጣርማ በር ላይ የተናደ መንገድ እየጠገነ ወደ አዲስ አበባ የገባበት ዓመት መሆኑ ነው። ዓለም ምን ያህል ልዩ ልዩ ሥራ ይዛ እንደምትውል ይገርመኛል።

ነገሩ የደረሰው የገና ሰሞን ነው። ከውጭ አገር የመጣች ልጅ እናቷን ከደብረ ሲና ወረድ ብሎ ካለ ገጠር አምጥታ «እግሯን ያብጣታል፤ ይህ የሊምፍ የምትሉት ይሠራላት» አለችኝ። እናትየዋ ቀሚሳቸው መሬት ይጠርጋል። ጫማቸው የወንድ ኮንጎ ነበር፤ ጎኑ በምላጭ ተሰንጥቆ ሰፍቷል። ካልሲያቸው ወፍራም የሱፍ ነው።

«ሁሉን እሺ፤ ካልሲዬን ግን አላወልቅም» አሉ አልጋው ላይ ሲወጡ። «ይበርደኛል።»

ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያ በርቶ ግንባራቸው ወዝቷል። አይቻለሁ። ግን «ይሁን እማማ፤ ችግር የለውም» አልኩ። ሰው ከማሳፈር ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቀጣዩ ደንበኛም ውጭ ተቀምጦ ነበር።

አንገታቸውን፣ ሆዳቸውን፣ ብሽሽታቸውን እንደተማርኩት ሠራሁ። ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ስደርስ ግን እብጠቱ እንደ እንጨት ደርቋል፤ ቀላሉ እጅ የሚሰማቸው አልመሰለኝም። የአምስት ቀን ሥልጠና የት ይደርሳል? የአያቴ እጅ መጣ። በአውራ ጣቴ ተጭኜ ሽቅብ አሸሁት። ሲያቃስቱ «እሰይ፣ እየተፍታታ ነው» አልኩ። የግራ እግራቸው በካልሲው ላይ እንኳ ይፋጅ ነበር፤ ደሙ ተንቀሳቀሰ ብዬ ደስ አለኝ። ሽታም ነበረው። ምን አደረግሁ? የባሕር ዛፍ ዘይት ጨመርኩበት።

በማግስቱ ማታ ስልክ ተደወለ። ትኩሳት እያንቀጠቀጣቸው ነው፤ እግራቸው እስከ ጉልበት ቀልቷል፤ ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት ወጥቷል። ጤና ጣቢያ ስደርስ ነርሷ ካልሲውን ቀስ ብላ እያወለቀች ነበር። በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል ቆዳው እንደ ተነከረ ወረቀት ነጥቶ ተሰንጥቋል።

«ይህን እግር ትናንት ማን ነው ያሸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ነው ያየው?»

መልስ አልነበረኝም።

ነርሷ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጀርም በዚያ ስንጥቅ የገባው ከማሳጁ በፊት ሊሆን ይችላል አለችኝ፤ ግን የተቆጣና የሚፋጅ እግር በምንም ዓይነት እጅ አይታሽም። መድኃኒቱን እየሰጠች ሌላም ነገረችኝ፤ አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ባት ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ እሱን ብታሺው ወደ ሳንባ ትሰጅዋለሽ። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰውም ሐኪም ሳያየው ይህ ማሳጅ አይደረግለትም። ሥልጠናው ላይ ይህ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። ገጹን አስታውሰዋለሁ፤ ቡና ፈሶበት ነበር።

እማማ በወጣትነታቸው የሞተ እባብ ረግጠው እግራቸው እንዳበጠ ነበር የሚያምኑት። አርባ ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤትም ሠርግም ከኋላ ተቀምጠዋል። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የዝሆን እግር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ገብተው፣ በተፈጥሮው የተጋለጠ ሰው ላይ የሊምፍ ቧንቧዎቹን ያበላሻሉ። ስሙን ያወጣለት ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ቃላት። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለበት ይገመታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ነርሷ ይህን የመጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው፤ ልጅቷ ከአልጋው ራቅ ብላ ቆማ ነበር።

ትኩሳቱ ከለቀቃቸው በኋላ ነርሷ ያዘዘችው ማሳጅ አይደለም፤ ሳፋ ነው። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶቹ መካከል በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ንጹሕ ካልሲና የሚበቃ ጫማ። ቀላሉ እጅ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ደጋፊ ነው። ለጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው የብብት ንፍፊታቸው በመወገዱ ክንዳቸው ለሚያብጥ ሴቶችም እንዲሁ ነው፤ ከፋሻና ከእንቅስቃሴ ጋር ሲሆን ይጠቅማል። «መርዝ ያስወጣል» የሚለውን ግን ከዝርዝሩ እንዲፋቅ ሥራ አስኪያጁን ለመንኩት፤ መርዝ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው አልኩት። «ያን ካጠፋነው ማን ይገዛዋል?» አለኝ። እስካሁን አለ። እኔ ግን በክፍሌ በር ላይ «ካልሲ ይወልቃል» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ሰው እየሳቀ ይገባል።

እማማ ከፋሲካ በኋላ፣ ነርሷ ፈቅዳላቸው፣ ተመልሰው መጡ። እግራቸው እንደ ድሮው አልሆነም፤ እብጠቱ አለ፤ ግን ቆዳው ለስልሷል፣ ሽታው የለም። ጫማ ሰፊ በልካቸው የሠራላቸውን የቆዳ ጫማ ከአልጋው ሥር አስተካክለው አኖሩ። ካልሲያቸውን ራሳቸው አወለቁና ጣቶቻቸውን በእጃቸው ፈልቀቅ አድርገው «እይ» አሉኝ። አየሁ። ደርቋል።

ከአንገት ጀመርኩ። እንጀራውን እያሰብኩ፣ ዓይኑን ሳላጠፋ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ልጄ፣ ጀመርሽ ወይስ ጨረስሽ?»