ጥቁሩ ጨርቅ

የፖርትሬት ሥራዬ ስምንተኛ ወሩን ያዘ። ባለፈው ስጽፍላችሁ "23 ሰው አንስቻለሁ፣ 40 ሲሞላ እጨርሳለሁ" ብዬ ነበር። አሁንም 23 ላይ ነኝ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎችን ነው የማነሳው። ሁሉንም በአንድ ዓይነት፤ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ከላይም ከውሃውም ይመጣል፣ ሰው ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል።

ካሜራው ላይ የተማርኩት አለ። ፍሬሙ በጥቁር ሲሞላ ካሜራው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፣ ፊት ይነጣል። አንድ ስቶፕ ቀንሼ፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ አሳንሼ፣ ማንሳት ከጀመርኩ ወዲህ የቆዳው ቀለም ተመልሷል። ኤፍ 1.8ንም፣ ሌንሱን በሰፊው ከፍቶ ማንሳትን፣ ተውኩት። ዓይን ጥርት ይላል፣ እጅ ግን ይደበዝዛል። የታንኳ ሠሪ እጅ ደብዝዞ ምን ሊረባኝ! አሁን ጠበብ አድርጌ ኤፍ 5.6 ላይ ነኝ።

ያቆመኝ ሌላ ነው። ፎቶዎቹን አሳጥቤ ለየባለቤቱ መስጠት ጀመርኩ። አንድ ጋሼ ቤት ስሄድ ባለቤታቸው ተቀበሉኝ። ፎቶውን አዩት፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። "ምነው ልጄ፣ ሰውየው እኮ አልሞተም" አሉኝ።

እኔ "ጥልቀት" ምናምን የምለው ጥቁር ለእሳቸው የሐዘን ጥቁር ነው። እዚሁ ተወልጄ አድጌ ይህ ሳይታየኝ መቅረቱ አሳፈረኝ።

ጋሼ ኮት ለብሰው ከጓዳ ወጡ። "በል እንደገና አንሳኝ። ታንኳው ይቅር፣ እሱንማ ቱሪስቱ ሁሉ ያነሳዋል።" ባለቤታቸው ባለ አበባውን አልጋ ልብስ ገፈው ግድግዳው ላይ ወጠሩት። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቆመ።

የማሊው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ስቱዲዮ ከፍቶ በራሱ አልጋ ልብስ ፊት ሰው ያነሳ ነበር። ግን ሰዎቹ ደንበኞቹ ናቸው፤ ከፍለው፣ አጊጠው፣ መታየት እንደሚፈልጉት ነው የታዩት። የእኔዎቹን ፈልጌ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ለታንኳው ብዬ። (አንድ ጓደኛዬ ደግሞ "እምቦጩን ጨምርበት፣ ኤግዚቢሽን ላይ ያስወራል" ይለኛል። እሱ ለብቻው ሌላ ጣጣ ነው።)

እውነቱን ልናገር፣ የአልጋ ልብሷን ፎቶ እንደ ፎቶ አልወደድኳትም። ጋሼ እንደ ወታደር ተገትረዋል፣ ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አበባው ዓይን ይወጋል። እነሱ ግን ፍሬም አስገብተው ሰቅለዋታል። ጥቁሩ የት እንደገባ አልጠየቅኩም።

አሁን ግራ የገባኝ፣ 23 ጥቁር ፎቶ ይዤ 24ኛውን እንዴት ላንሳ? እያንዳንዱን ሰው ሁለት ጊዜ፣ አንዱን እኔ እንደምፈልገው፣ አንዱን እሱ እንደሚፈልገው ላነሳ አስቤ ነበር። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን በሰዎቹ ምርጫ የማሾፍ መሰለብኝ፤ የእኔ "አርት"፣ የእነሱ አልጋ ልብስ። የራሴን ትቼ የእነሱን ብቻ ካነሳሁ ደግሞ እንደ ማንኛውም ፎቶ ቤት ሆንኩ። ያም ነውር የለውም፤ ግን ለዚያ ነው ወይ ስምንት ወር የለፋሁት?

ለቅዳሜ የቀጠርኩት ልጅ ትናንት ደውሎ "ምን ልልበስ?" አለኝ። ድሮ ቢሆን "የሥራ ልብስህን" ነበር የምለው። "አንተ ምን አሰብክ?" አልኩት።

"የሰርጌን ሱፍ።"

በዚህ ሙቀት!