ለስሙ ሳይሆን ለወይኑ መክፈል፦ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ኦንላይን ሲገዛ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የፈረንሳይ ወይን ላይ ስም ከዋጋም በላይ ይውላል። ዥቭሬ ሻምበርታን (ቡርጎኝ በሚባለው አካባቢ ያለ ታዋቂ የወይን መንደር) የሚል ጠርሙስ አሜሪካ ውስጥ ከ70 ዶላር በታች ማግኘት ከባድ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ዢቭሪ የምትባል ሌላ የቡርጎኝ ከተማ አለች። የወይን ፍሬው ያው ፒኖ ኗር ነው፤ ዋጋው ግን ግማሽ አካባቢ። የሰፈር ሱቅ ዢቭሪን አያስቀምጥም፣ ጠያቂ የለውምና። ኦንላይን ነጋዴ ጋ ግን ሦስት አራት ዓይነት ይገኛል። ስለዚህ ኦንላይን የምትፈልጉት ታዋቂው ስም ላይ የተለጠፈ ቅናሽ ሳይሆን የታዋቂው ስም ጎረቤት ይሁን። ቅናሹ ብዙ ጊዜ የይስሙላ ነው፤ የጎረቤቱ ዋጋ ግን እውነተኛ ነው።

(ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ ኅዳር ስል ኖቬምበር ማለቴ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈውም ዓመት እሱ ነው። ዋጋውን በአሜሪካ ዶላር ያስቀመጥኩት በግምት ነው፤ ከስቴት ስቴት ይለያያል።)

መጀመሪያ ግን ስለ በጣም ርካሹ ጠርሙስ። የእንግሊዝ ሒሳብ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በየካቲት 2025 በወጣው የኤክሳይስ ተመን፣ አልኮሉ 13.5 በመቶ በሆነ ጠርሙስ ላይ መንግሥት 2.99 ፓውንድ ይወስድ ነበር፤ ከዚያ 20 በመቶ ቫት አለ። በዚያ ተመን በ6 ፓውንድ ከሚሸጥ ወይን ቫቱና ኤክሳይሱ ሲነሱ የሚተርፈው 2 ፓውንድ ነው። ከዚህ ላይ የጠርሙሱ፣ የቡሹ፣ የካርቶኑ፣ የመርከቡና የነጋዴው ትርፍ ይወጣል፤ ለወይኑ የሚቀረው ሳንቲም ነው። በ12 ፓውንድ ከሚሸጠው ላይ ግን 7 ፓውንድ ይተርፋል። ዋጋው እጥፍ ሲሆን ለወይኑ የሚደርሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግብሩ ቢቀንስም ጠርሙሱና ማጓጓዣው ያው ስለሆኑ ውጤቱ ይመሳሰላል። በኔ ግምት ለፈረንሳይ ቀይ ወይን ጥሩው ክልል ከ15 እስከ 28 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ የሚከፈለው አብዛኛው ለስም ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ። በሮን ወንዝ ሸለቆ ደቡብ ስሙ የገነነው ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ነው፤ ዋጋው ከ45 ዶላር ይነሳል። በዙሪያው ያሉት መንደሮችም የሚጠቀሙት በአብዛኛው እነዚያኑ ግሬናሽ፣ ሲራና ሙርቬድር የተባሉ የወይን ፍሬዎች ነው። በራሳቸው ስም ብቻ የመሸጥ መብት ያገኙት ግን ተራ በተራ ነው፦ ዢጎንዳስ በ1971፣ ቫኬራስ በ1990፣ ቫንሶብር በ2006፣ ራስቶ ለደረቅ ቀይ ወይኑ በ2010፣ ኬራን በ2016። ይህን ቅደም ተከተል ያዙት፤ ለኪስ ይጠቅማል። ስሙን ቀድሞ ያገኘው ዋጋውን ቀድሞ ሰቅሏል። ዢጎንዳስ ዛሬ 35 ዶላርን ሲያልፍ ራስቶና ኬራን በ20ዎቹ ውስጥ ይገኛሉ። ከነሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ኮት ዱ ሮን ቪላዥ የሚል ጽሑፍ ከመንደር ስም ጋር ይመጣል፤ ሴጉሬና ሳብሌ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። የመንደር ስም ካልተከተለው ወይኑ ከሰፊ አካባቢ የተቀላቀለ ነው። መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ሁሉም በአምራቹ እጅ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። በነገራችን ላይ ዝዋይ ላይ ሪፍት ቫሊን ማምረት የጀመረው ካስቴል የፈረንሳይ፣ ያውም የቦርዶ ኩባንያ ነው፤ ሪፍት ቫሊ ሲራን የለመደ ምላስ ሮን ላይ ዘመድ አያጣም።

ቦዦሌ በራሱ ዝና የተጎዳ አገር ነው። በየዓመቱ ኅዳር ወር ሦስተኛው ሐሙስ የሚወጣው ኑቮ ቀለል ያለ፣ በጥቂት ሳምንት የሚደርስ ወይን ስለሆነ ሰው ቦዦሌን ሁሉ እንደዚያ አድርጎ ያስባል። ከሰሜኑ ክፍል ግን ክሩ የሚባሉ አሥር መንደሮች አሉ፤ ጠርሙሳቸው ላይ ብዙ ጊዜ ቦዦሌ የሚለው ቃል ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ በመንደሩ ስም ፈልጉ። ሞርጎን፣ ፍለሪና ሙላን አ ቫን ታዋቂዎቹ ናቸው፤ ሬኝዬ (በ1988 የተጨመረው የመጨረሻው)፣ ሼናና ሺሩብል ጥቂት ዶላር ይቀንሳሉ። ፍሬው ጋሜ ነው። ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው ነገር) ትንሽ ስለሆነ ከበርበሬ ጋር የማይጣላ ቀይ ወይን ይሄ ነው። ብዙ ታኒንና ከፍተኛ አልኮል ያለው ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር ሲጠጣ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፤ ሞርጎን ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ በ14 ዲግሪ አካባቢ ሲቀርብ ጉሮሮ ያርሳል።

ለጥብስ ደግሞ ካኦር። በሕጉ ቢያንስ 70 በመቶው ማልቤክ የሚባለው ፍሬ መሆን አለበት። የአርጀንቲናውን ማልቤክ የለመደ ሰው ይደነግጣል፤ ካኦር ያን ያህል አይለሰልስም። ከ15 እስከ 22 ዶላር ባለው ዋጋ ግን ይህን ያህል ክብደት የሚሰጥ ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ የለም። ማዲራን ከዚህም ይብሳል፤ ታና የሚባለው ፍሬው ቶሎ ሲከፈት እሳት ላይ ተረስቶ እንደቆየ ሻይ አፍ ይይዛል። ማዲራን ስታዙ ከመከሩ ቢያንስ አምስት ዓመት ያለፈውን ምረጡ። ከሎዋር ሺኖን፣ ቡርጌይና ሶሚር ሻምፒኚ በካበርኔ ፍራን ይሠራሉ፤ ቀዝቃዛ ዓመት ላይ የቃሪያ ሽታ ሊያመጡ ስለሚችሉ ሞቃቱን ዓመት መምረጥ ነው። ላንግዶክ ውስጥ ፎዤርና ሳን ሺንያን፣ በ1982 የተሰየሙት፣ ዛሬም ከ20 ዶላር በታች ይገኛሉ። ፒክ ሳን ሉ ግን ፋሽን ሆኗል፤ ዋጋውም ተከትሎታል።

ቦርዶ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያስበው ውድ መሆኑን ብቻ ነውና። በ1855 ደረጃ የወጣላቸው የሜዶክ ሻቶዎች (የወይን እርሻዎች) አዎ፣ ውድ ናቸው። ከእነሱ በታች ያለው ቦርዶ ግን ገዢ አጥቶ ተቸግሯል፤ ከ2023 ጀምሮ ገበሬው የወይን ተክሉን እንዲነቅል በሄክታር 6,000 ዩሮ የሚከፈልበት ፕሮግራም እስከመጀመር ተደርሷል። ይህ ለገበሬው መከራ ነው፤ ገዢው ግን ደህና ወይን ከዋጋው በታች ያገኛል። ካስቲዮን ከሳንት ኤሚልዮን ቀጥሎ ያለ ነው፤ የኖራ ድንጋዩ ኮረብታ ድንበሩን ተሻግሮ ይቀጥላል፣ ዋጋው ግን ድንበሩ ላይ ይቆማል። ፍሮንሳክና ላላንድ ደ ፖምሮልም እንዲሁ። እዚህ ዓመት ወሳኝ ነው፦ 2016፣ 2018፣ 2019፣ 2020 እና 2022 ሳትሠጉ ግዙ። 2013 ደካማ ነው። በ2021 የሚያዝያ ውርጭና የበጋው ዝናብ ያመጡት ወይን ቀጭን ነው፤ ቶሎ ለመጠጣት እንጂ ለማቆየት አይሆንም።

የጠርሙሱን ሌብል ስታነቡ ብዙ ቃል ለጌጥ መሆኑን አትርሱ። «ግራን ቫን ደ ቦርዶ»፣ «ሬዜርቭ»፣ «ኪዩቬ ፕረስቲዥ»፣ «ቪዬይ ቪኝ» ስለ ጥራት ምንም አያረጋግጡም፤ የመጨረሻው «አሮጌ ተክል» ማለት ቢሆንም ስንት ዓመት ሲሆነው አሮጌ እንደሚባል ሕግ አልወሰነም። የሚጠቅመው «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ዶሜን» ወይም «ኦ ሻቶ» የሚለው መስመር ነው፤ ወይኑ በተመረተበት ቦታ ታሽጓል ማለት ነው። ሌላው የሚጠቅመው ነገር የኋላው ሌብል ላይ ያለ የአስመጪ ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ ከርሚት ሊንች (በርክሌ፣ ካሊፎርኒያ፤ ከ1972 ጀምሮ)፣ ኒል ሮዘንታል፣ ሉዊ ድሬስነር የመሳሰሉት አነስተኛ ገበሬዎችን እየመረጡ ያመጣሉ። አንዱን ወይን ከወደዳችሁት የነጋዴው መፈለጊያ ሳጥን ላይ የአስመጪውን ስም ጻፉ፤ የማታውቁት መንደር ወይን ይወጣላችኋል፣ ብዙ ጊዜም አያሳፍርም።

ዋጋ ለማመሳከር ዋይን ሰርቸር የሚባለውን የወይን ዋጋ መፈለጊያ ድረ ገጽ ክፈቱ። የአምራቹን ስም፣ የመንደሩንና ዓመቱን ጻፉ፤ ቦታውን ወደ ስቴታችሁ፣ መጠኑን ወደ 750 ሚሊ ሊትር አስተካክሉ። አንድ ሻጭ ከሌሎቹ ሁሉ ሩብ ያህል ወርዶ ከታየ ከመደሰት በፊት አራት ነገር አጣሩ፦ ግማሽ ጠርሙስ (375 ሚሊ) እንዳይሆን፤ ደካማ ዓመት እንዳይሆን፤ «ገና ያልደረሰ» የሚባለው፣ ማለትም ዛሬ ተከፍሎ ከወራት በኋላ ከፈረንሳይ የሚገባ እንዳይሆን፤ እንግሊዝ ከሆነ ደግሞ «ኢን ቦንድ» ዋጋ፣ ያለ ኤክሳይስና ያለ ቫት፣ እንዳይሆን። ተቃራኒውም አለ፦ ወይኑ በዓለም ላይ አንድ ሻጭ ጋ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ምናልባት የሻጩ የራሱ ብራንድ ነው። «የገበያ ዋጋው 49፣ ዛሬ ብቻ 17» የሚለው ማስታወቂያ እዚህ ነው የሚጠለፈው፤ 49 ከፍሎ የገዛ ሰው የለም። ሰዓት ቆጣሪው እየቀነሰ የሚሄድ ገጽ ላይም እንደዚሁ።

የወይን ተቺዎች የሰጡት ነጥብ ሲጠቀስ ዓመቱን አመሳክሩ። «93 ነጥብ» የተሰጠው ለ2019 ሆኖ የሚላከው 2021 ሊሆን ይችላል፤ ፎቶውም የድሮ ነው። ከታች በትንሽ ፊደል «ዓመቱ ሊለያይ ይችላል» የሚል ካለ ለነጋዴው ጽፋችሁ አረጋግጡ ወይም ተዉት። የወርቅ ሜዳሊያ ተለጣፊም የሚሠራው ለተወዳደረው ዓመት ወይን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ማድረስ ነው፤ ብዙ ጥሩ ዋጋ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ያለበት ካርቶን 16 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ማድረሻው ለሦስት ጠርሙስ 24 ዶላር ቢሆን በጠርሙስ 8 ይጨመራል፤ ለአሥራ ሁለት 36 ቢሆን 3 ብቻ። የ18 ዶላሩ ካኦር 26 ነው ወይስ 21? መልሱን የሚሰጣችሁ የቼክአውቱ ገጽ እንጂ የዕቃው ገጽ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከሌላ ስቴት ሱቅ ወይን መቀበል የሚፈቀደው በጥቂት ስቴቶች ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲና ቨርጂኒያ ይፈቅዳሉ። ሰዓታችሁን ሳታባክኑ መጀመሪያ ዚፕ ኮዳችሁን አስገቡ። ሲደርስ 21 ዓመት የሞላው ሰው መፈረም አለበት፤ ቤት ሰው ከሌለ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ይመለሳል፣ የመመለሻውንም ብዙ ነጋዴ ከናንተ ይቆርጣል። ሥራ የምትውሉ ከሆነ ከመጀመሪያው የአመላላሹ መቀበያ ጣቢያ ላይ እንዲቀመጥ አድርጉ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ሙቀት አታስልኩ። መኪና ውስጥ ከ30 ዲግሪ በላይ የዋለ ወይን ይበስላል፦ ቡሹ ከፍ ይላል፣ ከቆቡ ሥር ተጣባቂ ፍሳሽ ይታያል፣ ጣዕሙ የተቀቀለ ፕለም ይሆናል። ደህና ነጋዴ ዛሬ ገዝታችሁ ጥቅምት ላይ እንዲልክላችሁ ያቆይላችኋል፤ ብዙዎቹ በነፃ።

ለመጀመሪያ ትእዛዝ ስድስት ዓይነት ሁለት ሁለት ጠርሙስ ይበቃል፦ ራስቶ ወይም ኬራን፣ ሬኝዬ፣ ካኦር፣ ፎዤር፣ ሺኖን፣ ካስቲዮን። ሲደርስ አንድ ሁለት ሳምንት በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ አጋድማችሁ አሳርፉት። የመጀመሪያው ጠርሙስ የረጠበ ካርቶን ወይም የምድር ቤት ሻጋታ ከሸተተ ቡሹ በክሎታል፤ ማናፈስ አያድነውም፣ ለጤና ግን ጉዳት የለውም። አትድፉት። ቡሹን መልሳችሁ ክተቱበት፣ የሌብሉንና የቡሹን ፎቶ አንሡ፣ በዚያው ሳምንት ለነጋዴው ላኩ። ብዙዎቹ ገንዘቡን ይመልሳሉ ወይም ሌላ ይተካሉ፤ ጠርሙሱ ባዶ ከሆነ ግን ክርክሩ ይከብዳል። ሁለተኛውን ጠርሙስ ሳትከፍቱ ወይኑን እንደወደዳችሁት ካወቃችሁ ደግሞ ያኔውኑ ክምችቱን እዩ፤ ከትናንሽ ገበሬዎች የሚገባው ጥቂት ካርቶን ስለሆነ በወሩ ስትመለሱ የምታገኙት የሚቀጥለውን ዓመት ነው።