ጫማዋ ላይ ያለው ስፌት

ዛሬ ፓሪስ ውስጥ የእጅ ሥራ ገበያ ላይ አንዲት ሴትዮ ከእንጨት የተቀረጹ አሻንጉሊቶች ስትሸጥ አገኘሁ። ሁሉም የድሮ የባሌት (በእግር ጣት ጫፍ ጭምር የሚደነስ የአውሮፓ የመድረክ ዳንስ) ዳንሰኞች ናቸው። አንዷን አነሳሁ። ማሪ ታሊዮኒ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1832 በፓሪስ ኦፔራ "ላ ሲልፊድ" የተባለውን የባሌት ትርኢት የደነሰችው።

ነጭ ቀሚስ፣ ትንንሽ ክንፎች። ያምራል። ዓይኔ የቀረው ግን ጫማዋ ላይ ነው። ጫፉ ዙሪያ ደቃቅ መስመሮች ተቀርጸዋል።

"እንጨቱ ተሰንጥቆ ነው?" አልኳት።

"አይ፣ ስፌት ነው" አለችኝ።

ያኔ የዛሬው ጠንካራ የባሌት ጫማ አልነበረም። የታሊዮኒ ጫማ ስስ ሳቲን ነው። ጫፉና ጎኑ በክር ይጠቀጠቃል፤ ድጋፉ እሱ ብቻ ነው። በጣቶቿ ጫፍ ያቆማት የገዛ እግሯ ጉልበት ነው። አባቷ ፊሊፖ (የ"ላ ሲልፊድ"ን የዳንስ እንቅስቃሴ የፈጠረውም እሱ ነው) በየቀኑ ለሰዓታት ያለ ርኅራኄ ያለማምዳት ነበር።

የዘመኑ ሥዕሎች እንደ ላባ ስትንሳፈፍ ነው የሚያሳዩዋት። ላቡ የለም፣ መርፌና ክሩ የለም። እቺ ባለሙያ ግን ድካሙን ሳትደብቅ ቀርጻዋለች፤ ለዚህ በጣም አከበርኳት። ሌሎቹም የዚያ ዘመን ዳንሰኞች እንዲህ በሚያስተውል እጅ ቢሠሩ እንዴት ደስ ባለኝ!