ሚግ ብየዳ፦ ቃታውን ከመሳቤ በፊት

በኤሌክትሮድ ስበይድ ከርሜ ወደ ሚግ ከዞርኩ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሚግ ማለት ማሽኑ ራሱ ሽቦ እየገፋ የሚያወጣበት፣ ብዙ ጊዜም ብየዳውን ከአየር የሚከልል ጋዝ የሚለቀቅበት ብየዳ ነው። የምለማመደው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ነው። የመጀመሪያው ወር ያለቀው ሽቦ በመፍታት ነው። ቃታውን ስስብ ሽቦው አይወጣም፤ ማሽኑን ከፍቼ ሳይ ሽቦውን የሚገፋው ሮለር ጋ እንደ ተበላሸ ልቃቂት ተጠቅልሏል።

የሮለሩ መጭመቂያ የላላ መስሎኝ አጠብቀዋለሁ። ሲብስበት ጨምሬ አጠብቃለሁ። የሚያስተምረኝ ሰው አየኝና «አቦ ተው፣ እያነቅከው እኮ ነው!» አለኝ። ማሽኑን አጥፍቶ ቶርቹ (ቃታው ያለበት፣ በእጅ የሚያዘው መበየጃ) ጫፍ ላይ ያለችውን የመዳብ ቲፕ ፈታና ወደ ብርሃን አነሳት። ቀዳዳዋ በፍንጣሪ ልትደፈን ደርሳለች። ሽቦው ከፊት መውጫ አጥቶ፣ ከኋላ ሮለሩ እየገፋው፣ የት ይሂድ?

አሁን መጀመሪያ ማሽኑን ከሶኬት እነቅላለሁ። ሽቦው 0.8 ሚሊሜትር ከሆነ ቲፑም የሮለሩ ቦይም 0.8 መሆን አለባቸው። የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ቀጥ አድርጌ ቆርጬ በሞረድ አለሰልሰዋለሁ፤ ሹል ከሆነ የቶርቹን ውስጠኛ ቱቦ እየቧጨረ ይሄዳል። ጫፉን ከእጃችሁ አትልቀቁት፣ ጥቅሉ እንደ ሞላ ይፈታና ዓይን ድረስ ይመጣል። ጋዝ ለሚፈልገው ሽቦ ቶርቹ ፖዘቲቭ ላይ ይገባል፣ ያለ ጋዝ ለሚሠራው ፍላክስ ሽቦ (ውስጡ ብየዳውን የሚከልል ዱቄት ላለው) ኔጌቲቭ ላይ።

መጭመቂያውን የምፈትነው በደረቅ እንጨት ነው። ጓንት አድርጌ፣ ቶርቹን አዘንብዬ፣ ሽቦውን እንጨቱ ላይ እለቀዋለሁ። ሮለሩ ሳይንሸራተት ሽቦው ታጥፎ መውጣቱን ከቀጠለ በቂ ነው። ብረት ላይ እንዳትሞክሩት፣ ቃታው ሲሳብ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ አለ።

የጋዙ ሲሊንደር ቆሞ በሰንሰለት ይታሰራል። ሬጉሌተሩን (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን) ከመግጠሜ በፊት ከአፉ ጎን ቆሜ ቫልቩን ለቅጽበት ከፍቼ እዘጋለሁ፣ አቧራው ይውጣ። ከገጠምኩ በኋላ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ እቀባለሁ። ካረፋ ያፈሳል ማለት ነው።

የድሬ ሙቀት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከሰዓት ስበይድ ቬንትሌተሩን ወደ ራሴ አዙሬ ነበር፣ ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ሆነ! ጋዙን እየነፋው ነበር። ጋዙን ብጨምረውስ አልኩ፣ እሱም አይሆንም፤ ከልክ ሲያልፍ ይታወክና አየር ይዞ ይገባል። አሁን በደቂቃ 12 ሊትር ላይ አድርጌ በላሜራ ከልዬ እበይዳለሁ። ማሽኑም ማረፍ አለበት። ሰሌዳው ላይ 60 በመቶ ካለ፣ በዚያ አምፔር ከ10 ደቂቃ 6ቱን ብቻ ነው የሚሠራው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጋልቫናይዝድ ላሜራ ከሆነ መበየጃውን ቦታ ፍቃችሁ ዚንኩን አንሱ፣ ክፍት ቦታ ላይም ሥሩ። ጭሱ ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። አብሮን የሚሠራ ልጅ አንድ ሌሊት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አድሯል፣ እኔ ነኝ ውኃ ሳቀርብለት ያደርኩት።

ትናንት 2 ሚሊ ቱቦላሬ በይጄ መሃሉን ቆረጥኩት። ውስጡ ቀዳዳ የለውም፣ ሁለቱ ብረቶች አንድ ሆነዋል። ቁርጥራጩን ኪሴ ከትቼ ቤት ወሰድኩት። ከሰኞ ጀምሮ ቁም ብየዳ እሞክራለሁ።